ሣራችን ባለቤት አለው

ለገጠር መሬት ሕግ አውጪዎችና ለመሬት አስተዳደር ኃላፊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የወል የግጦሽ መሬታችን «ክፍት መሬት» ተብሎ መመዝገቡን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

በአዋሽ ሸለቆ ከብት፣ ግመልና ፍየል አርብተን የምንኖር ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችን ቅጽ ላይ ባዶ የቀረች አንዲት መስመር ናት።

ባለፈው በጋ የመሬት ምዝገባ ሠራተኞች ወደ እኛ መጡ። ደስ ብሎን ተቀበልናቸው። ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘረጉ። ወጣቱ መዝጋቢ እስክሪብቶውን አውጥቶ «የባለይዞታው ስም?» ብሎ ጀመረ። ፊት ለፊቱ አንድ አባታችን ቆመዋል። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን አንጠልጥለውበታል። «ይሄ ሁሉ መስክ የማን ነው እያልከኝ ነው?» አሉት። «አዎ አባባ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።» ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ የሁላችንን ስም ብነግርህ ወረቀትህ አይበቃም። የእኔን ብቻ ብነግርህ ደግሞ ዋሸሁ» አሉት።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ግራ ገባው። መስመሯን ባዶ ትቷት ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ከወራት በኋላ ካርታው ተሠርቶ መጣ። ያቺ መስመር ተሞልታለች። «ክፍት የመንግሥት መሬት» ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ወንዝ ዳር ያለው መስክ ለአንድ ባለሀብት ተላለፈ። አቤት ስንል «መረጃው ላይ የእናንተ ስም የለም» ተባልን። እውነት ነው፣ የለም። ቅጹ የኛን ዓይነት ባለቤት የሚጽፍበት ቦታ ከሌለው እንዴት ይኖራል?

ክቡራን፣ ይህን ችግር የኛ ወረዳ አልፈጠረውም። የአንድ ሰው ስም ያልተጻፈበት መሬት የማንም አይደለም፣ የማንም ያልሆነው ደግሞ የመንግሥት ነው የሚለው ሐሳብ ከሩቅ የመጣ ነው። በአፍሪካ ቅኝ ገዢዎች መሬት የወሰዱት በጠመንጃ ብቻ አልነበረም። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገርም ነው።

ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 የዘውድ መሬት የሚባል ደንብ አወጡ። ሰፋሪዎች በ99 ዓመት ሊዝ መሬት ይወስዱ ጀመር። በ1915 ደንቡ ሲሻሻል ሊዙ 999 ዓመት ሆነ። የአገሬው ሰው የሚኖርበት መሬት ሳይቀር የዘውዱ ነው ተባለ። ከብት አርቢ የሆኑት ማሳዮች ከዚያ በፊት በ1904 ስምምነት ፈርመው የስምጥ ሸለቆውን ምርጥ ግጦሽ ለቀው ነበር። ከፊሉ ወደ ላይኪፒያ፣ ከፊሉ ወደ ደቡብ ሄደ። ስምምነቱ ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ የጸና ነው ይላል። የቆየው ሰባት ዓመት ነው። በ1911 ላይኪፒያንም ልቀቁ ተባሉ። ማሳዮቹ ጠበቃ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1913 ክሳቸው ውድቅ ሆነ። ምክንያቱም ስምምነቱ እንደ ሁለት አገሮች ውል ስለሚቆጠር ፍርድ ቤቱ ሊያየው አይችልም የሚል ነበር። እስቲ አስቡት። መሬታቸው ሲወሰድ ተገዢ ናቸው። ሲከሱ ደግሞ እንደ ሌላ አገር ሰው ይቆጠራሉ።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ኤርትራ። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1895 ባለው ጊዜ በደጋው ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ወሰዱ። የራሳቸውን ገበሬ ሊያሰፍሩበት ነው። መሬቱ ባዶ ነው አሉ። ለምን ባዶ መሰለ? ክፉ ቀን ገና ማለፉ ነበር። ከብቱ በበሽታ አልቋል፣ ሰዉ በረሃብ ሞቷል፣ የተረፈው ተሰዷል። ሰው ሲሞት ርስቱም አብሮ ሞተ ብለው ነው የመዘገቡት። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ሲሸፍቱ ከዋና ምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመንም እውነቱ የታያቸው ዳኞች ነበሩ። በለንደን የነበረው የቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ደቡብ ሮዴዥያ፣ ስለ ዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ሲፈርድ፣ አንዳንድ ሕዝቦች ከሥልጣኔ ደረጃ በጣም ዝቅ ያሉ ስለሆኑ የመሬት መብታቸው እንደ መብት ሊቆጠር አይችልም የሚል ቃል አስፍሯል። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1921፣ ያው ችሎት ናይጄሪያ ካለችው ከሌጎስ የመጣ የአንድ ባላባት ጉዳይ ቀረበለት። እዚያ ላይ የአገሬውን የመሬት መብት በእንግሊዝ ሕግ መነጽር ማየት ስሕተት ነው አለ። መሬት የማኅበረሰብ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። ለተወሰደው መሬትም ካሳው እንደ ሙሉ ባለቤት መብት እንዲታሰብ ወሰነ። ስለዚህ «ያኔ ማንም አያውቅም ነበር» የሚለው ምክንያት አይሠራም። ይታወቅ ነበር። ቅጾቹ ግን ሳይቀየሩ ቀሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። የአድዋን ድል በየዓመቱ ከሁላችሁም ጋር እናከብራለን። ግን በ1948 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 ያነበበ ሰው ምን እንደሚል ያውቃል። በሰው ስም ያልተያዘ ሀብት ሁሉ፣ ደኑም፣ የግጦሽ መሬቱም፣ ወንዙም፣ ሐይቁም የመንግሥት ነው ይላል። የግጦሽ መሬት በስም ተጠርቷል። በኬንያ የዘውዱ የተባለው እኛ ጋ የመንግሥት ተባለ። ከግመላችን ጀርባ ሆኖ ለሚያየው ልዩነቱ አይታይም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከዚያ ሕግ የተከተለ ነው። ወንጂ ላይ፣ ኋላም መተሐራ ላይ የሸንኮራ እርሻ ያለማው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር ፍለጋ የወጣ የቅኝ ግዛት እርሻ ኩባንያ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። መብራት አገኘን፣ ጥሩ ነው። የወንዙ ሙላት ግን ተገታ። ያ ሙላት ነበር መስኩን የሚያጠጣው። በ1954 ዓ.ም. ሸለቆውን የሚያለማ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ታች ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ መጣ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ተከለለ። ሁሉም የመጣው ወደ ወንዙ ነው። በ1965ና በ66ቱ ድርቅ አፋር ክፉኛ የተመታው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሽበት ወንዝ ዳር በጥጥ ተይዞ ነበር።

«መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ሁላችንም እንወደዋለን። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ሲጮሁት ብዙ ጭሰኛ ነጻ የሚያወጣ ቃል ነበር። ግን ለማያርሰው ምን ይላል? አያቶቻችን አላረሱም። አሥር ዓመት ቆይቶ አዋጁ ሲወጣ ለከብት አርቢውም የለመደውን ግጦሽ የመጠቀም መብት ሰጥቶ ነበር፣ ይህን አንክድም። በተግባር ግን የኩባንያዎቹ እርሻ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ መስኩ አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ ከእርሻዎቹ የተተወው መሬት ብዙው ፕሮሶፒስ በሚባለው እሾሃማ ዛፍ ተወረረ። አሁን ለእርሻም አይሆንም፣ ለግጦሽም አይሆንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ እኛ ጋ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉታል። ዝቅ ብሎ ያለው ሕግ ግን ሌላ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ መንግሥት የገጠር መሬት ባለቤት ስለሆነ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊቀይር ይችላል ብሎ ደነገገ። ለማን አስፈላጊ? ማን ይወስናል? የተገላቢጦሹ መንገድ፣ ከግል ወደ ወል፣ አልተጻፈም። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1324 ተተክቷል። በየቢሮው ያለው አሠራር ግን አሁንም የድሮውን መንገድ ይሄዳል። ያቺ ባዶ መስመር የሞላችው አዲሱ አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ የማይታያችሁን እናሳያችሁ።

የኛን መሬት ካርታ ላይ ያየ ሰው ሰፊ ነው ይላል። «ከዚህ ሁሉ ሜዳ ወንዝ ዳር ያለችው ቁራጭ ብትሄድ ምን ይጎዳችኋል?» ተብለናል። ግጦሽ ግን በስፋት አይለካም። ክረምት ሲገባ ከወንዙ እንርቃለን። ወንዝ ዳር ትንኝ አለ፣ በሽታ አለ፣ ደግሞም ሣሩ ማረፍ አለበት። ወደ ላይ፣ ወደ ሜዳው እንወጣለን። ኩሬው እስኪደርቅ እዚያ እንቆያለን። ወንዝ ዳሩን የሚጠብቁ ሰዎች እንመድባለን። በእረፍቱ ወቅት ከብት ያስገባ ይቀጣል። ቅጣቱ ከበድ ይላል፣ ዘመድ ነው ተብሎ አይታለፍም። በጋው ሲጠና፣ ሌላው ሁሉ አመድ ሲመስል፣ ያኔ ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ጥገቶቹና ጥጆቹ ይቀድማሉ። ያቺ ቁራጭ ከሌለች ያ ሰፊ ሜዳ በሙሉ ዋጋ የለውም። የክረምት መሬት ብቻ ያለው ከብት በጋን አያልፍም።

ኤክስፐርቱ የመጣው መቼ ነው? ሣሩ ባረፈበት ወቅት። ከብት አላየም፣ ሰው አላየም። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብሎ ጻፈ። ገበሬ ማሳውን ሲያሳድር ማንም ጠፍ ነው አይለውም። የኛ ሲያርፍ ግን ባለቤት አልባ ይሆናል።

አንዲት እናታችን አሁን የሚያደርጉትን እንንገራችሁ። ፍየሎቻቸውን ውኃ ለማጠጣት በፊት በቀጥታ ይወርዱ ነበር። አሁን ሽቦ አለ። ሽቦውን ተከትለው ይዞራሉ። በፀሐይ ይወጣሉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳሉ። በቀደም አንዲት ግልገል ሽቦው ላይ ተሰቅላ ሞተች። ዘበኛው ራሱ የኛው ልጅ ነው። አልቅሶ ቆርጦ አወረዳት። እሳቸው ምንም አላሉትም፣ ደመወዝ እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ።

የካሳውም ነገር እንዲሁ ነው። ገማቾች መጥተው ጎጆ ቆጠሩ፣ ዛፍ ቆጠሩ፣ በረት ቆጠሩ። ሣሩን አልቆጠሩም። ማንም አልተከለውም ተባልን። ለስንት ትውልድ ጠብቀን ያቆየነው ሣር ሥራችን ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው? መሬቱ ሲሄድ ለሦስት ቤተሰብ የበረት ዋጋ ተከፈለ። በመስኩ የሚያልፉት ቤተሰቦች ግን ብዙ ናቸው። ከሌላ ወረዳ በድርቅ ጊዜ የሚመጡ እንግዶችም አሉ። እኛም በችግር ቀን እነሱ ጋ እንሄዳለን። ያ ውል የትም አልተጻፈም። ግን አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ውል ነው።

የወል ነገር ይጎሳቆላል፣ ማንም አይንከባከበውም የሚሉን አሉ። ይህን በአክብሮት እንቃወማለን። ጠባቂና ደንብ የሌለው መሬት ይጎሳቆላል። የወል መሬት ግን ጠባቂም ደንብም አለው። መንዝ ያለውን ጓሳ የተባለ የሣር መሬት ተመልከቱ። የመንዝ ገበሬዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ በጋራ ይከፍቱታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፣ ጓሳውም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ከውጭ አገር የሚመጣው ሰው ያንን የሕዝብ ጥበቃ ነው የሚያየው። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው በደንብ ማስተዳደር እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው። የመንዝ ሽማግሌዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር።

የኛ ሥርዓት እንከን የለውም አንልም። ሴቶች በሸንጎው ላይ እንደሚገባቸው አይደመጡም። ያቺ እናት ስለ ውኃው ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፣ ስብሰባው ላይ ግን ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ይህን ማስተካከል የኛ ሥራ ነው፣ ጀምረነዋልም። ግን እንከን አለበት ተብሎ የሚሻር ቢሆን የትኛው መሥሪያ ቤት ይተርፍ ነበር?

ሌሎች አገሮች የቅኝ ገዢውን ዓረፍተ ነገር እየሰረዙት ነው። አውስትራሊያ ባለቤት አልነበራትም የሚለው የሕግ ልቦለድ እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1992 በአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሻረ። ጉዳዩን አሥር ዓመት የተከራከሩት ኤዲ ማቦ ፍርዱን ሳያዩ በዚያው ዓመት ጥር ላይ አርፈው ነበር። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ኬንያ ካለው ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ለፓርክ ተብለው የተነሱትን የኢንዶሮይስ ከብት አርቢዎች መሬት የራሳቸው ነው አለ። አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2017 ኬንያ ውስጥ በማው ደን ለሚኖሩት ለኦጊየክ ሕዝቦች ፈረደ፣ በ2022 ካሳ ወሰነ። አፈጻጸሙ አሁንም እየተጎተተ ነው። ቢሆንም ፍርዱ አለ። እነዚህ የአፍሪካ ፍርዶች የቆሙበትን የአፍሪካ ቻርተር አገራችንም በ1990 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ከሁሉ ይልቅ የምንቀናው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ነው። መሬትን የሕዝብ፣ የማኅበረሰብና የግል ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። ገና ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬት ካለ ካውንቲ የሚባለው የአካባቢ መንግሥት በአደራ ይይዘዋል። የ2016ቱ የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ደግሞ ካውንቲው እንዳይሸጠው ይከለክላል። የዘውድ መሬት ደንብ የወጣበት አገር እኮ ነው።

ክቡራን፣ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

መጀመሪያ ቅጹን ቀይሩልን። የማኅበረሰብ ስም የሚጻፍበት መስመር ይኑረው። ከሥሩም የደንቡ ማጣቀሻ፣ የበጋና የክረምት ወሰን፣ የከብት መተላለፊያና የውኃ መውረጃ መንገድ ይመዝገቡ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ያ እስኪሆን ድረስ ያልተመዘገበ የወል ግጦሽ «ክፍት መሬት» መባሉ ይቁም። መንግሥት ይያዘው ከተባለ በአደራ ይያዘው። ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ግን ይከልከል። ባለፈው ዓመት የተላለፈው ወንዝ ዳርም እንደገና ይታይልን። ባለሀብቱን አንጠላም፣ ውሉን የፈረመው እኛን ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ በበጋ ወደ ወንዙ የሚያወርድ መንገድ ይከፈት። ለዚህ የሚቀጥለውን ስብሰባ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሽቦው በአንድ ቀን ይቆረጣል።

ካሳ ሲገመት ሣሩና ውኃው ይቆጠሩ፣ በወቅት የሚመጡት ተጠቃሚዎችም ይቆጠሩ። ከእንግዲህ መሬታችንን የሚነካ ውሳኔ ሲኖር ሽማግሌ ጠርቶ አስፈርሞ መሄድ ይቅር። ሴቶችና ወጣቶች ባሉበት ሙሉ ስብሰባ፣ በምንሰማው ቋንቋ፣ እምቢ የማለት መብት ኖሮን እንጠየቅ። መስክ የሚያዩ ባለሙያዎችም በዓመት ሁለት ጊዜ ይምጡ፣ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ። ማደሪያና ወተት ከኛ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እንጠብቃለን። በጽሑፍ ይሁንልን። ግራሩ ሥር ሰው ሰብስበን ጮክ ብለን እናነበዋለን። ያ አባታችንም እዚያው ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር

የአርብቶ አደሮች የወል ግጦሽ መሬት ኮሚቴ ጸሐፊ
አዋሽ ሸለቆ